ቡፌው ይቁም፣ ግድግዳው ይድረቅ

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፤ ቤታችን ወደ ጅረን መውጫ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በጥር ኒካህ ያስራል፣ ኢንሻ አላህ። እንግዶቹ የሚቀመጡት እኛ ሳሎን ነው። ሳሎናችን ግን እንግዳ የሚጠራበት አይደለም። ቤቱ የጭቃ ነው፤ አባዬ ከዓመታት በፊት ውጪውንም ውስጡንም በሲሚንቶ አስለስኖታል። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተልጧል፣ ይሸታልም። ከውጪ በኩል እማዬ ጤና አዳምና ጽጌረዳ ተክላበታለች። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ቡናማ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። 20,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ባለሙያ ሳልቀጥር ከታናናሾቼ ጋር ራሴ ልሠራው ፈልጌያለሁ። ቲክቶክ ላይ ጡብ የሚመስል የሚለጠፍ ፎም አይቻለሁ፣ የተላጠውን በሱ ልሸፍነው አሰብኩ። ከፓሌት ሶፋ መሥራትም አምሮኛል። ችግሩ እማዬ ናት። በዕቁብ ብር የገዛችውን ቡፌ ንክች እንዳታደርጊ ብላኛለች። ዳንቴሎቿም ከየሶፋው አይነሱም። አያቴ የተዉልን ሦስት የጅማ በርጩማዎች አሉ፤ ነጭ ልቀባቸው ስል ደግሞ አባዬ አኮረፈ። ከምን ልጀምር? የማዕድ ቤቱም ጥቀርሻ አለ፣ እሱንም ቢነግሩኝ። — የቤቱ ልጅ»

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። ለወንድምሽ አላህ ያሳምርለት። ጊዜ ወስደሽ መጀመርሽ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚጽፍልኝ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እኔን የያዘችኝ ግን አንዲት ቃል ናት፦ «ይሸታልም» ያልሽው። እሱ ሳይፈታ ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ፎሙ ይቅርብሽ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ፎም ስትለጥፊ እርጥበቱን ውስጥ ቆለፍሽበት ማለት ነው። ከኋላው ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ሙጫው ይለቅና አንድ ቀን እንግዳ ፊት ዘፍ ይላል። ፎም እሳትም ይወዳል። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ሳሎን ውስጥ እኔ አላደርገውም።

ጅማ እንደምታውቂው ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል። ከመጋቢት አካባቢ ይጀምርና መስከረምን ተሻግሮ ጥቅምትን ሊነካ ይችላል። ቲክቶክ ላይ የምታያቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ክረምት አያውቁም። የነሱን ሥራ እንዳለ ገልብጠሽ አታምጪ።

አሁን ግድግዳው ለምን እንደሚላጥ ልንገርሽ። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ይህ ተፈጥሮው ነው፣ ጉዳት የለውም። አባትሽ ያስለሰኑት ሲሚንቶ ግን መተንፈሻውን ዘጋው። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስለነበር አባትሽን አትውቀሺ። ውሃው ከሥር ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ከሲሚንቶው ጀርባ ይቀመጣል። ጭቃው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይላቀቃል። በጣትሽ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች እያንኳኳሽ ውረጂ። ደህናው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጥሻል። የተላቀቀው ደግሞ ባዶ ጀሪካን የመታሽ ያህል ያስተጋባል። ያንን በእርሳስ ክበቢው።

ከዚያ አንድ ሙከራ አድርጊ። ነጭ ፌስታል ቀደሽ ክንድ በክንድ የሚሆን ቁራጭ አውጪ። ከተላጠው ቦታ በላይ፣ ቀለሙ ገና የያዘበት ላይ አድርገሽ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርገሽ ለጥፊው። ሁለት ቀን ተይው። የውሃ ጠብታው ከፌስታሉ ኋላ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከተገኘ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። ከፊት ለፊት፣ በክፍሉ በኩል ከተገኘ ደግሞ የቤቱ ትንፋሽና እንፋሎት ነው፤ መፍትሔውም መስኮት መክፈት ነው። እኔ ከግድግዳው ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ከሥር እስከ ጉልበት መላጡ ራሱ ይመሰክራል።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው አሸንዳ ነው። ጓሮ በኩል አሸንዳ ከሌለ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ይፈነጥቅና ግድግዳውን እግር እግሩን ያጥበዋል። ዝናብ ሲዘንብ ወጥተሽ እዪው። ጭቃ የተረጨበት መስመር ግድግዳው ላይ ታገኛለሽ፤ ቁመቱን ከውስጡ ልጠት ጋር አስተያዪው። የሚቀራረብ ከሆነ መልስሽን አገኘሽ። ያጠራቀምሽው ብር መጀመሪያ የሚወጣው ለአሸንዳ ነው። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ለኒካህ ቤት አሳምራለሁ ብሎ አሸንዳ መግዛት አያስደስትም። ብሩ የማይበቃ ከሆነ ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ በመስመር ቆፍረሽ ጠጠር ሙዪበት፤ ጠጠር ላይ ያረፈ ውሃ ብዙ አይፈነጥቅም።

ሁለተኛው የእናትሽ አትክልት ነው። ጤና አዳሙና ጽጌረዳው ከግድግዳው ሥር ከተተከሉ አፈሩ ወደ ግድግዳው ተቆልሏል ማለት ነው፤ በበጋ ደግሞ ይጠጣሉ። የውጪው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት፤ ወደ ግቢው ያዘነበለ ሆኖ። ስለዚህ አትክልቱ አንድ እርምጃ ያህል ወደፊት ይዛወር። ይህንን ግን አንቺ በዶማ አትጀምሪው! እናትሽን ጠርተሽ ግድግዳውን አሳያቸው፣ አዲሱን ቦታ እሳቸው ይምረጡ። ጽጌረዳ ሥሩ ከነአፈሩ ሰፋ ተደርጎ ከተነሳና ከተገረዘ በዝናቡ መጨረሻ ላይ መዛወርን ይችላል።

ሦስተኛው ቆርቆሮው ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ የዝገት ውሃ ነው። ብዙውን ጊዜ ሚስማሩ ላልቶ ወይም ጎማው አልቆ ነው። ጣራው ደረቅ በሆነ ቀን ልምድ ያለው ሰው ይውጣ፤ አንቺም ታናናሾችሽም አትውጡ። ራሴ እሠራለሁ ያልሽው ጣራን አይጨምርም፤ ኤሌክትሪክንም።

የውሃው መንገድ ከተዘጋ በኋላ የላላውን ሲሚንቶ ውስጡን አራግፊው። ከልጠቱ በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ጨምረሽ አንሺ። ከውጪ በኩልም ከታች የላላ ካለ ይነሳ፤ አለዚያ ውሃው አንድ መውጫ ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚያ ተይው። መስኮትና በር ከፍተሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይተንፍስ። ሳሎኑ ለጥቂት ሳምንት አስቀያሚ ይሆናል፤ ቻዪው። ቸኩለሽ ጀሶ ከለጠፍሽበት ጀሶ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ሲሚንቶ ከመለስሽበትም በሚቀጥለው ክረምት እዚሁ ነን።

ምን ይለጠፍበት? ጭቃ። ቤቱ የተሠራበት ያው ጭቃ። የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ በእግር እየረገጣችሁ አቡኩት፤ ታናናሾችሽ ለዚህ ሥራ አይጠፉም። ሳምንት ያህል ውሃ እየረጫችሁና እያገላበጣችሁ ይብላላ። ሲብላላ ይሸታል፣ አይግረማችሁ፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ከመለጠፍሽ በፊት መዳፍ የሚያህል ግድግዳው ላይ ሞክሪ። ሲደርቅ ከተሰነጣጠቀ ጭድ ወይም ትንሽ አሸዋ ጨምሪ። አሮጌውን ጭቃ በብሩሽ ውሃ ርጨት አድርጊለትና ምርጊቱን ሁለት ጊዜ አድርጊው። የመጀመሪያው ሻካራ ሆኖ ይቅር፣ በጣትሽም ጫር ጫር አድርጊው። ሲደርቅ ሁለተኛውን ስስ አድርገሽ ለስልሺው። በእናትሽ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ይህን ሥራ ከኔ በላይ ያውቁታል። እናትሽ ባያውቁ አንዷ ጎረቤት አይጠፉም። አንድ ስኒ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸውና መዳፋቸው ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ከየትኛውም ቪዲዮ የተሻለ ትምህርት ነው።

በዚያ ግድግዳ ላይ የፕላስቲክም የዘይትም ቀለም አትቀቢ። ኖራ ቀቢው። ኖራ ያስተነፍሳል፣ ሻጋታም አይወደውም። የጠፋ ኖራ ግዢ፤ ጥሬውን ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ ቤት ውስጥ አታስገቢው። እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ በጥብጠሽ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምረሽ፣ ግድግዳውን አርጥበሽ ስስ ስስ አድርገሽ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቢ። ስትቀቢው ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥበሽ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ኖራ ልብስ ላይ ትንሽ ይለቃል፤ ስለዚህ መቀመጫ እሱ ላይ አታስደግፊ። የሙሽሪት አጎቶች ጥቁር ኮታቸው ነጭ ሆኖ ቢወጡ ወሬው ጅማን ያዳርሳል።

ሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎች ደህና ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ሻጋታ ያለበትን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀጥነሽ አጥቢው፣ መስኮት ከፍተሽ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የተሰነጠቀውን በስቱኮ ድፈኚ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። በርና መስኮቱ ላይ ያረጀ የዘይት ቀለም ካለ ደረቁን አትፈግፍጊው። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር መጥፎ ነው። እያረጠብሽ ፈግፍጊ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ።

ቀለሙ ስንት ይበቃል? አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ለአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሳሎንሽ 4 በ4 ሜትር ነው እንበል፣ ቁመቱ 2.70። ሦስቱ ግድግዳ 32 ካሬ ይሆናል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 27 ገደማ። ሁለት ዙር ሲሆን 54። ስለዚህ አምስት ስድስት ሊትር ይበቃሻል። ሻጩ ሦስት ጋሎን ውሰጂ ቢልሽ ሒሳቡን አሳዪው። በጅማ አየር ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መሀል አንድ ሌሊት አሳልፊ።

ስለ ከለር አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። ግራጫ አትቀቢ! ሰሞኑን ሁሉም ቤት ግራጫ ሆኗል። በደመናማ ቀን ግራጫ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ልብ ያጨልማል። ወተት መሳይ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከኖራው ጋር ይስማማል። በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ከዞኮሎው በላይ እስከ ወገብ ድረስ ጠቆር ያለ፣ የሚታጠብ ቀለም ካደረግሽ የልጆች እጅና የመጥረጊያ ውሃ አያስጨንቅሽም። ቡና ሲፈላ የሚቀመጡበት ጥግ በተለይ ይህን ይፈልጋል።

ኮርኒሱ። ማዳበሪያ ላይ ቀለም አይዝም፤ ፕላስቲክ ስለሆነ በወሩ እንደ ቅርፊት ይራገፋል። ወይ አውርደሽ አጥበሽ መልሺው፣ ወይ በአቡጀዲ ቀይሪው። አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ለቤቱም ብርሃን ይጨምራል። ስፌቱን በመኪና አሰፊውና ሁለት ሰው ወጥሮ ሲይዝ ሦስተኛው ከመሀል ወደ ጠርዝ እየሄደ ይምታው። ከጠርዝ ከተጀመረ መሀሉ ይንቦጨረቃል። ከመስቀልሽ በፊት አንዴ እጠቢው፣ አለዚያ በኋላ በእርጥበቱ ይሸበሸባል።

አሁን ወደ እናትሽ። እኔ በቡፌው ጉዳይ ከሳቸው ጋር ነኝ። በዕቁብ የተገዛ ቡፌ ማለት ከጓዳ እየተቆጠበ፣ አንዳንዴም አንድ ነገር እየቀረ የተገዛ ማለት ነው። ለአንቺ ያረጀ ዕቃ ነው፤ ለሳቸው የሠሩበት ዘመን ነው። ይቁም። ግን የት? አሁን ያለው በጓሮው ግድግዳ በኩል ከሆነ ቶሎ አንሱት። የጀርባው ኮምፔንሳቶ እርጥበት ስቦ አብጦ ይሆናል፤ ይህን ሲያዩ እናትሽ ራሳቸው «አንሱት» ይላሉ። ደረቁ ግድግዳ ላይ ሲቆም ከኋላው አራት ጣት ክፍተት ተዉለት፣ እግሩ ሥርም ቁራጭ እንጨት አድርጉበት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቡፌውን አብራችሁ ባዶ አድርጉት። ብርጭቆው ሁሉ ይታጠብ። አንቺ እጠቢ፣ ምን እንደሚመለስ እሳቸው ይወስኑ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ በየመደርደሪያው ላይ ክፍት ቦታ ይተው። የፕላስቲክ አበባው ላይ ግን በርቺ፤ እሱ ላይ እኔም አልደግፋቸውም። ከጀርባ በኩል ውስጡን ከግድግዳው ጋር የሚሄድ ጨርቅ ብታለብሺው ብርጭቆዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ለዚህ የአንድ ቀሚስ ያህል ጨርቅ እንኳን አያስፈልግም።

ዳንቴሎቹ ላይ የምመክርሽ አንዱን ከሶፋ አውርደሽ ግድግዳ ላይ እንድትሰቅይው ነው። እናትሽ ከሁሉም በላይ ደክመው የሠሩትን ይምረጡልሽ። ጥቁር አረንጓዴ ወይም የወይን ጠጅ ጨርቅ ሰሌዳ ላይ ወጥረሽ፣ ታጥቦ የተተኮሰውን ዳንቴል በላዩ ዘርጊውና በተመሳሳይ ክር ጠርዝ ጠርዙን በስውር ስፌት ያዥው። ሙጫ አትጠቀሚ፣ ውሎ አድሮ ያቢጨዋል። በጥቁር ላይ ሲሆን በኪሮሽ የተሠራችው እያንዳንዷ ቀለበት ትቆጠራለች፤ ሶፋ ላይ ተደፍታ ማን አያት? እንግዳ ሲገባ «ይህን ማን ሠራው?» ማለቱ አይቀርም። የቀሩት ለዕለቱ ታጥበው ተተኩሰው ሶፋው ላይ ይመለሱ። በዚህ አትከራከሪ፣ ልጃቸውን የሚድሩት እሳቸው ናቸው።

አባትሽ ማኩረፋቸውም ትክክል ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ዳሩ ላይ ያለውን ቅርጽ ነጭ ቀለም ከሞላው በኋላ መልሶ ማውጣት ፈተና ነው። ያ መቀመጫው ላይ ያለው ጥቁር ወዝ በስንት ዓመት መቀመጥ የመጣ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀትም አትንኪው። በዚያው ጅረን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዪው፤ ለአንቺ ጎረቤት ነው። እንጨት ራሱ ጌጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል እሱ ቤት ያሳይሻል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ጠራቢዎቻቸው በእንጨት ያልሠሩት ነገር የለም።

በርጩማዎቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከየቅርጹ ውስጥ አቧራውን አውጪ። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊ። ፀሐይ ላይ አታስጪ፣ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ይበቃዋል። የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጥቦች ካሉ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጠሽ አሳድሪው። ጠዋት ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ከሥሩ ካገኘሽ ነቀዙ በሕይወት አለ። ሌሎቹን ሳይነካ ለዪውና ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የእንጨት መድኃኒት ገዝተሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ ደጅ ላይ በየቀዳዳው ስጪው። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጊ፣ ለቀናት ይድረቅ። የፓልም የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል። አደራሽን የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ ላይ አትጣዪው! የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲታጨቅ ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይ ደጅ ዘርግተሽ አድርቂው።

አራተኛ በርጩማ መጨመር ካማረሽ ሂርማታ ሐሙስ ገበያ ሂጂ። ተሰብስበው አንድ ጥግ ሲቀመጡ፣ መሀላቸው ረከቦት ሲሆን፣ ሌላ ጌጥ አያስፈልግሽም።

የፓሌት ሶፋ? ፓሌት ፍለጋ ጅማን ከምትዞሪ ለአናጢ ሞራሌና ጣውላ ስጪው። ፓሌት ከተገኘም ጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ ያለበትን ማኅተም ፈልጊ። «ኤችቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉት በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። «ኤምቢ» ከሆነ በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ቤት አታስገቢው። ማኅተም የሌለውንም ተይው። እኔ ብሆን ግን መጅሊስ ነው የማደርገው። ለኒካህ ቤት ከሶፋ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀምጣል። ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ፣ ጣውላው መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ርብራብ አሠሪ፤ ስፖንጁ ከሥሩ አየር ካላገኘ በጅማ ክረምት ይሻግታል። ልብሱን ራስሽ ስፊው፤ ዚፕ ይኑረው፣ እንዲታጠብ።

ለመደገፊያ ትራሶቹ የቡና ጆንያ ያምራል፤ የቃጫውን ነው የምልሽ፣ የፕላስቲኩን አይደለም። 60 ኪሎ ቡና የሚይዘው ጆንያ አንዱ ሁለት ትራስ ያወጣል። መጀመሪያ ደጅ አውጥተሽ በዱላ አራግፊው፣ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ ከውስጥ ገበር አድርጊለት፤ ቃጫው ይረግፋል፣ ቆዳም ይበላል። ለዚህ ነው መደገፊያ እንጂ መቀመጫ የማይሆነው። ጽሑፉ ያለበትን ፊት በኩል አድርጊው።

መደርደሪያ ለመስቀል ካሰብሽ የጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም። እያንኳኳሽ ቋሚውን ፈልጊ፤ እንጨቱ ያለበት ድምፁ ይለያል። በረጅም ብሎን እሱ ላይ እሰሪው። አንዱን ቋሚ ካገኘሽ ቀጣዩ ብዙ አይርቅም። መብራቱን በሰፌድ ወይም በቅርጫት ብታለብሺው ጣራው ላይ ደስ የሚል ጥላ ይጥላል፤ አምፖሉ ግን ኤልኢዲ ይሁን፣ የድሮው አምፖል ሣሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ብርሽን እንዲህ ብታወጪ እላለሁ፦ አሸንዳና ቆርቆሮ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ መጅሊሱ፣ ከዚያ ቀለምና አቡጀዲ። ጭቃው፣ ዳንቴሉ፣ ቡፌውና በርጩማው እጅ እንጂ ብር አይፈልጉም። ጭቃው በጥቅምት መጨረሻ ይቦካ። ኅዳር ምርጊት፣ ታኅሣሥ ኖራና ቀለም፤ ከኒካሁ በፊት ያለው ሳምንት ለስፌትና ለእጥበት ይቅር። ወንድምሽንም አታስቀሪው፣ ሙሽራ ነኝ ብሎ ጠጠር ከመሸከም አያመልጥም።

የማዕድ ቤቱን ጥቀርሻ ግን አሁን አትንኪው። ለድግሱ እንደገና ይጨስበታል። ከጥር በኋላ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያሳይ ፎቶ ይዘሽ ጻፊልኝ።